ትንፋሽና ማንቁርት በቤኒሻንጉልና በጉሙዝ ቋንቋዎች ታሪክ

ሰው ሲናገር የሚሠሩት ምላሱና ከንፈሩ ብቻ ይመስሉታል፤ ነገር ግን ንግግር የሚጀምረው ከደረት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፥ የአሶሳና የአካባቢው ቋንቋዎች በየጊዜው ወደ ወረቀት ሲገለበጡ ከሁሉ አስቀድሞ የጠፋው ይኸው የሰውነት ሥራ መሆኑን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ዝም ብለን ስንተነፍስ አየር የምናስገባበትና የምናስወጣበት ጊዜ ብዙም አይበላለጥም። ስንናገር ግን አየሩን ባንድ ጊዜ ሳብ አድርገን ቀስ እያልን እናወጣዋለን። ሳንባ እንደ ተነፋ ወናፍ በራሱ ሊኮማተር ስለሚፈልግ፥ በዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ የመሳቢያ ጡንቻዎች ይዘው ያቆዩታል፤ አየሩ እያነሰ ሲሄድ ደግሞ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ሌሎች ጡንቻዎች ይገፉታል። አሜሪካዊው ስቴትሰን በ1928 ባሳተመው ጥናት እያንዳንዱ ክፍለ ቃል በአንድ የደረት ግፊት ይወለዳል ብሎ ነበር። በ1958 ግን ላዴፎግድና ባልንጀሮቹ ድሬፐርና ዊተሪጅ የተናጋሪዎችን የጎድን ጡንቻዎች በኤሌክትሪክ መሣሪያ ቢመረምሩ፥ ለየክፍለ ቃሉ የተለየ ግፊት አላገኙም፤ ጡንቻው የሚበረታው ይልቁንም ጠበቅ ተደርገው በሚነገሩ ክፍሎች ላይ ነው። በእኛ አስተያየት ስቴትሰን ቢሳሳትም ደረትን መመልከቱ የሚያስመሰግነው ነው።

በአሶሳ ላደገ ሰው የደረት ሥራ እንግዳ ነገር አይደለም። በርታዎች ዋዛ የሚባል፥ ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረዥም መለከት አላቸው። አንዱ መለከት በአብዛኛው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚሰጥ፥ ዜማው የሚገኘው ብዙ ነፊዎች እየተራመዱ በየተራቸው ሲነፉ ነው። አንዱ ሲነፋ ሌላው አየር ይስባል፤ ማንም ብቻውን ዜማውን አይጨርስም። ተናጋሪ ግን ይህ ዕድል የለውም፤ ዜማውም ምቱም ዕረፍቱም ከአንድ ደረት መውጣት አለባቸው።

ይሁንና ድምፅ ሁሉ ከሳንባ አየር አይወጣም። አንባቢ ትንፋሹን ጨርሶ ይያዝና «ጥ፥ ቅ፥ ጭ» ይበል፤ ይሆንለታል። እንደዚሁ ትንፋሹን እንደያዘ «ስ» ለማለት ቢሞክር ግን እንቢ ይለዋል። ምክንያቱም በነጥ ጊዜ የድምፅ አውታሮች ይዘጉና ማንቁርት ወደ ላይ ብድግ ይላል፤ ከላዩ የታሰረው ጥቂት አየር ይጨመቅና አፍ ሲከፈት ይፈነዳል። ይህ ዐይነቱ ድምፅ በዐማርኛ ብቻ ሳይሆን በበርታ፥ በጉሙዝ፥ በሺናሻና በባምባሲ አካባቢ በሚነገረው በማኦ ቋንቋ ውስጥም አለ። ጉሙዝ ደግሞ ሌላ ይጨምራል፤ ለ«ብ» እና ለ«ድ» የቀረቡ ሁለት ድምፆች አሉት፤ በእነዚህ ጊዜ ማንቁርት ወደ ታች ዝቅ ስለሚል፥ አየሩ ወደ ውጭ በመፈንዳት ፈንታ ወደ ውስጥ ይሳባል። ጣትን በጉሮሮ ላይ አኑሮ የሚያዳምጥ ሰው የማንቁርትን መውጣትና መውረድ ይዳስሰዋል። ዐማርኛ ብቻ የለመደ ጆሮ ግን ተራ «ብ» እና ተራ «ድ» የሰማ ይመስለዋል።

ትንፋሽን መነሻ አድርጎ ድምፅን መለየት የዛሬ ጥበብ አይደለም። ሲበወይህ የተባለው የዐረብኛ ሰዋስው ሊቅ በ8ኛው መቶ ዓመት ፊደሎቹን ትንፋሽ አብሯቸው የሚሄድና ትንፋሽ የሚታገድባቸው ብሎ ከፍሎ ነበር። ቁርዓን መቅራት የሚማር የአሶሳ ልጅም እያንዳንዱ ፊደል ከጉሮሮ፥ ከምላስ ወይም ከከንፈር የት ቦታ እንደሚወጣ እየታረመ ይማራል። በምዕራቡ ዓለም ፓይክ በ1943 ባሳተመው መጽሐፍ፥ አየሩን የሚያንቀሳቅሰው ሳንባ፥ ጉሮሮ ወይም አፍ መሆኑን ለይቶ ድምፆችን በዚያ መደባቸው።

ወደ በርታ አገር የመጡት የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን ግን ይህን ዕውቀት ይዘው አልመጡም። ፈረንሳዊው ካዮ በ1822 ወርቅ ከሚፈልገው የኢስማዒል ፓሻ ጦር ጋር እስከዚህ ድረስ ደረሰ፤ ሆላንዳዊው ስሁቨር በ1881ና በ1882 በበርታዎች መካከል ተጓዘ። እንዲህ ያሉ መንገደኞች ቃላትን የለቀሙት ከወንዞች፥ ከተራሮችና ከሼኮች ስም ጋር አንድ ላይ ነው። የአገራቸው የተለመደ ፊደል ለሚፈነዳው «ጥ» የተለየ ምልክት የለውም፤ ጥና ትን አንድ አድርጎ ለሚሰማ ጆሮም ምልክቱ ቢኖር ምን ይጠቅመው ነበር? ቼሩሊ በ1947 ስለ ሦስት የበርታ ዘዬዎች ጻፈ፤ በ1976 ትሪዩልዚ፥ ደፈላህና ቤንደር ስለ በርታ በጋራ አሳተሙ፤ አንደርሰን በ1993 የበርታን ድምፆች ለብቻቸው መረመረ። ስለ ጉሙዝና ስለ ሰሜን ማኦ ሰፊ ሰዋስው የቀረበው ገና በ2012 ነው። ከካዮ እስከዚያ 190 ዓመት አለፈ።

ይህ መዘግየት ለታሪክ ተማሪ ቀላል ነገር አይደለም። የጽሑፍ ሰነዳቸው ጥቂት የሆነ ሕዝቦች ከየት እንደመጡና ከማን ጋር እንደተጎራበቱ ለማወቅ ቃላትን ከቃላት ማስተያየት ግድ ነው፤ ሁለት ድምፆች በአንድ ፊደል ከተጻፉ ግን ዘመድ ያልሆኑ ቃላት ዘመድ ይመስላሉ፤ ዘመዶቹም ይራራቃሉ።

የድምፅ ከፍታም እንዲሁ ነው። በጉሙዝ ሁለት፥ በሰሜን ማኦ ሦስት ደረጃዎች ተለይተዋል፤ ደረጃው ሲለወጥ የቃሉ ትርጉም ሊለወጥ ይችላል። ከፍታን በዋናነት የሚወስነው የድምፅ አውታሮች መወጠር ነው፤ ነገር ግን የሳንባ ግፊት እየደከመ ሲሄድ ድምፅም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሰሚው ከፍታውን የሚለካው አጠገቡ ካለው ድምፅ ጋር እያመዛዘነ ነው። ቃላትን አንድ በአንድ ያስነገረ መንገደኛ ይህን የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም።

የእኛም ፊደል ነቀፌታ አያጣውም። ለሚፈነዱት ጠ፥ ቀ፥ ጨ፥ ጸና ጰ ተዘጋጅተው ይገኛሉ፤ በዚህ ከላቲኑ ይበልጣል። ወደ ውስጥ ለሚሳቡት ግን ምንም የለውም፤ ከፍታንም አይጽፍም። (መጥበቅና መላላትንስ መች ይጽፋል? «ገና» የሚለውን ቃል በዓሉ ይሁን ጊዜው የምናውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው።) በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን አንድ የጉሙዝ ባልንጀራችን ስሙ በተጠራ ቁጥር ፈገግ ይል ነበር። መምህራኑም እኛም በተራ «ድ» እንጠራው ነበርና፥ አራት ዓመት ሙሉ የራሱን ስም አልሰማም።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ አሶሳ ላይ ተገናኝተን ሃያ ቃላት አስነገርነውና ሁለት ጊዜ ጻፍናቸው፤ አንዱን እንዲያው በፊደል፥ ሁለተኛውን ወደ ውስጥ በሚሳቡት ላይ ነጥብ፥ በከፍተኛው ድምፅ ላይ ጭረት ጨምረን። ከሳምንት በኋላ መልሰን ብንሰጠው፥ የመጀመሪያውን ዝርዝር እየቆመና እየገመተ አነበበው። ሁለተኛውን ግን ሳያመነታ ዘለቀው፤ ከዚያም እርሳሱን ተቀብሎ በወረቀቱ ግርጌ ስሙን ከነነጥቡ ጻፈ።