መገናኘት ሌላ፣ መጽናት ሌላ፦ ስለ ኢንተርኔት ትውውቅ የ60 ዓመት ታሪክ ምን ያስተምረናል?



ያላገቡ ወንድሞችና እኅቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ የትዳር አጋርን በኢንተርኔት መፈለግ እምነት ማጣት ነው ወይስ እንደ ማንኛውም የመተዋወቂያ መንገድ ነው? አንዳንዱ ወገን ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ ያወግዘዋል። ሌላው ደግሞ ኮምፒዩተሩ ከሚሊዮኖች መካከል ለእርሱ የምትሆነውን አንዲት ሴት ነቅሶ እንዲያወጣለት ይጠብቃል። ለሁለቱም ታሪኩን ማወቅ ይበጃል። ነገሩ ትናንት የተጀመረ አይደለም፤ ሊቃውንትም ከ50 ዓመት በላይ ሲመረምሩት ቆይተዋል። ምርምሩ በአብዛኛው የተካሄደው በአሜሪካ ስለሆነ ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እንጽፋለን።

በካርድ የተጀመረ ትውውቅ

በ1959 በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጂም ሃርቪና ፊል ፊያለር የተባሉ ሁለት ተማሪዎች ለአንድ ትምህርት የመጨረሻ ሥራ 49 ወንዶችንና 49 ሴቶችን መጠይቅ አስሞሉ። መልሱን አይቢኤም 650 ለተባለው ኮምፒዩተር ሰጥተው ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ አስሰሉት። በ1965 ደግሞ ጄፍ ታርና ቮን ሞሪል የተባሉ የሃርቫርድ ተማሪዎች «ኦፕሬሽን ማች» የተባለ አገልግሎት ጀመሩ። ተማሪው 3 ዶላር ከፍሎ መጠይቁን ይሞላል፤ መልሱ በካርድ ላይ ይበሳል፤ ኮምፒዩተሩም ይስማሙታል ያላቸውን ሰዎች ስም ያወጣለታል።

ያኔ ኢንተርኔት አልነበረም። ተስፋው ግን ከዛሬው አይለይም፦ ስለ አንድ ሰው በቂ ነገር ከታወቀ ማሽን አጋሩን ሊመርጥለት ይችላል የሚል ነበር።

ይህ ተስፋ ቶሎ ፈተና ገጠመው። በ1966 ኢሌን ዋልስተርና ባልደረቦቻቸው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። 376 ወንዶችና 376 ሴቶች፣ ሁሉም አዲስ ገቢ ተማሪዎች፣ ኮምፒዩተር የሚስማማቸውን ሰው እንደሚመርጥላቸው ተነግሯቸው ወደ አንድ የዳንስ ምሽት ተጋበዙ። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን የተጣመሩት በዕጣ ነበር፤ የተጠበቀው ወንዱ ከሴቷ እንዳያጥር ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ የትምህርት ውጤታቸውን፣ ጠባያቸውንና መልካቸውን አስቀድመው መዝግበው ነበር። በዚያ ምሽት ማን ማንን እንደወደደ ሊያስረዳ የቻለው አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም መልክ ነው።

በእነዚያ ወጣቶች አንፍረድባቸው። ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ የእሴይን የበኩር ልጅ መልክና ቁመት ባየ ጊዜ የተመረጠው እርሱ መስሎት ነበር (1ኛ ሳሙኤል 16)። ጥናቱ የለካው የአንድ ምሽት መውደድን እንደሆነም እናስተውል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ማን ከማን ጋር እንደሚጸና የሚነግረን ነገር የለም።

ወንጌላውያን በታሪኩ ውስጥ

ማች ዶት ኮም በ1995 ሲከፈት ሰው በቤቱ ተቀምጦ የማያውቀውን ሰው ፕሮፋይል ማንበብ ጀመረ። በ2000 ደግሞ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች በዚህ ታሪክ ውስጥ ጉልህ ቦታ ያዙ። ዶክተር ኒል ክላርክ ዋረን የሥነ ልቡና ባለሙያና በፉለር ሴሚናሪ የሥነ ልቡና ትምህርት ክፍል ዲን የነበሩ አማኝ ናቸው። የመሠረቱት ኢሃርመኒ የተባለው ድርጅት ተመዝጋቢውን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎች ያስመልሰው ነበር፤ ከዚያም በራሱ ቀመር አስልቶ ይስማማል ያለውን ሰው ያቀርብለት ነበር። የጄምስ ዶብሰን የሬዲዮ ዝግጅት ስላስተዋወቀው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ አማኞች ወደ እርሱ ሄዱ።

ታዲያ ቀመሩ ይሠራል? በ2012 ኤሊ ፊንክልና አራት ባልደረቦቻቸው በዘመኑ የነበረውን ምርምር ገምግመው ሰፊ ጽሑፍ አወጡ። መልሳቸው ሚዛናዊ ነበር። እነዚህ ድርጅቶች ሌላ ጊዜ ፈጽሞ የማንገናኛቸውን ሰዎች በማገናኘት በእርግጥ ይጠቅማሉ። «ለአንተ የምትሆነውን በሳይንስ እንመርጥልሃለን» ለሚለው አባባል ግን በቂ ማስረጃ አላገኙም። ቀመሮቹ ለሌሎች ተመራማሪዎች ክፍት አልነበሩም። ከዚህም በላይ ትዳርን የሚያጸናው ነገር በአብዛኛው የሚታየው ሁለቱ ሰዎች ከተገናኙ በኋላ ነው፤ እንዴት እንደሚነጋገሩና መከራን እንዴት እንደሚያልፉ ከመተዋወቃቸው በፊት በተሞላ መጠይቅ ውስጥ አይገኝም።

በ2017 ሳማንታ ጆኤልና ባልደረቦቻቸው ተስፋውን እንደገና ፈተኑት። ተሳታፊዎቹ ከ100 በላይ ስለሚሆኑ የጠባይና የምርጫ ነገሮች ከተጠየቁ በኋላ ተራ በተራ ለ4 ደቂቃ ያህል ተገናኙ። ኮምፒዩተሩ በጠቅላላው ብዙዎች የሚወዱት ሰው ማን እንደሆነ በመጠኑ ሊገምት ቻለ። ይህች ሴት በተለይ ይህን ሰው ትወደዋለች ወይ የሚለውን ግን ሊገምት አልቻለም።

ስለ ፕሮፋይልም አንድ ነገር እንጨምር። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት በኒው ዮርክ 80 የኢንተርኔት ትውውቅ ተጠቃሚዎችን ቁመትና ክብደት ለክቶ፣ ዕድሜያቸውን ከመታወቂያቸው አይቶ ከጻፉት ጋር አመሳከረ። ከመቶ 81 የሚሆኑት ቢያንስ በአንዱ እውነቱን አልጻፉም። አብዛኛው ልዩነት ትንሽ ነበር፤ ወንዶች ቁመታቸውን ጨመሩ፣ ሴቶች ክብደታቸውን ቀነሱ። ሰው በመስኮት ሲታይ ራሱን ያስተካክላል።

መንገዱን አናውግዝ

በሌላ በኩል በኢንተርኔት የተዋወቁ ባለትዳሮችን በጥርጣሬ ለሚያዩ ወገኖች የሚሆን ቃልም አለ። በ2013 የታተመ ጥናት ከ2005 እስከ 2012 ያገቡ 19,131 አሜሪካውያንን ጠይቆ ከሦስተኛው እጅ በላይ የሚሆኑት በኢንተርኔት እንደተዋወቁ አገኘ። ትዳራቸው ከሌሎቹ ባነሰ መጠን የፈረሰ ሲሆን ልዩነቱ ግን ትንሽ ነበር። የጥናቱን ወጪ የሸፈነው ራሱ ኢሃርመኒ ስለነበር ውጤቱን በልክ እንውሰደው። ቢያንስ ግን እንዲህ የተጀመረ ትዳር ሁሉ ይፈርሳል ማለት አይቻልም።

በተለይ በባዕድ አገር ተበትኖ ለሚኖር፣ በከተማው ቋንቋውንና እምነቱን የሚጋራ ያላገባ ሰው ለማያገኝ ወገን ይህ መንገድ ቀላል ነገር አይደለም።

የጠፋው ምስክር

የሚያሳስበን ሌላ ነው። በ2019 የስታንፎርዱ ማይክል ሮዘንፌልድና ባልደረቦቻቸው በ2017 ከተገናኙት አሜሪካውያን ወንድና ሴት ጥንዶች 39 ከመቶ ያህሉ በኢንተርኔት እንደተዋወቁ አሳዩ። በ1995 33 ከመቶ የሚሆኑት በወዳጆቻቸው በኩል ይተዋወቁ ነበር፤ በ2017 ይህ ወደ 20 ከመቶ ወረደ። በቤተ ሰብና በቤተ ክርስቲያን በኩል መተዋወቅም ቀንሷል። በመካከል ቆሞ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» የሚል ምስክር እየጠፋ ነው ማለት ነው።

ሽማግሌ ልከን ለምንጋባ ሕዝቦች ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። የአብርሃም ሎሌ ርብቃን ያገኛት በሩቅ አገር፣ በውኃ ጉድጓድ አጠገብ ነበር (ዘፍጥረት 24)። ጉድጓዱ አገናኘ እንጂ አልመረጠም። ሎሌው ጸለየ፤ ለግመሎቹ ውኃ ስትቀዳ ዝም ብሎ ሥራዋን ተመለከተ፤ በቤተ ሰቧ ፊት ቁጭ ብሎ የመጣበትን ሁሉ ተናገረ፤ በመጨረሻም እርስዋ ራስዋ ፈቃዷን ተጠየቀች።

የሚያጸናው ምንድን ነው?

በ2020 እነዚያው ጆኤል ከብዙ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው 43 ጥናቶችንና 11,196 ጥንዶችን አንድ ላይ መረመሩ። አንድ ሰው በትዳሩ ወይም በፍቅር ግንኙነቱ መርካቱን ከአጋሩ ጠባይና ማንነት ይልቅ በመካከላቸው ያለው ነገር የበለጠ ይናገራል። ከሁሉ ፊት የቆመው አጋሬ ለግንኙነታችን ታማኝና ቁርጠኛ ነው ብሎ ማመን ነው፤ ለአጋር ያለ አድናቆትና ምስጋናም ከፊተኞቹ መካከል ነው።

ወገኖች፣ ይህን እኛ በአንድ ቃል እንጠራዋለን፤ ቃል ኪዳን። ማሽኑ 60 ዓመት ሙሉ «የትኛው ሰው?» ብሎ ሲፈልግ ኖረ፤ ትዳር ግን በየቀኑ የሚጠይቀን «ዛሬስ ታማኝ ነህን?» ብሎ ነው።

ስለዚህ ያላገባችሁ ሆይ፣ በኢንተርኔት ብትተዋወቁ አትፈሩ፤ ነገር ግን በስውር አትያዙት። በጽሑፍ ብዙ ወራት ሳትቆዩ በአካል፣ ሰው ባለበት ስፍራ ተገናኙ። በዐይናችሁ ላላያችሁት ሰው ገንዘብ አትላኩ። የሚያውቀውን ሰው፣ ቤተ ሰቡን፣ መጋቢውን ጠይቁ፤ ስለ እናንተም ይጠየቅ። ያገባችሁ ደግሞ ለእነዚህ ወጣቶች ምስክርና ወዳጅ ሁኑላቸው፤ ቤታችሁን ክፈቱላቸው። በየትኛውም ጉድጓድ አጠገብ ተገናኝታችሁ ቢሆን፣ ዛሬ ማታ ለአጋራችሁ አንድ የምስጋና ቃል ተናገሩ።

ጌታ ቤታችሁን ያጽና። ተባረኩ!