የሸክላ ሥራ ትንሣኤ፦ ከወለቃ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የሚቀሰም ትምህርት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እንደ ሌላውም የጎንደር አገር፣ የቤት ዕቃ ለብዙ ዘመናት የሸክላ ሠሪ እጅ ውጤት ነበር። ውሃ በእንስራ ይቀዳል፤ ጠላ በጋን ይጠመቃል፤ እንጀራ በምጣድ ይጋገራል። ይህን ሁሉ የምታበጀው ሴት የመሽከርከሪያ መሣሪያ አልነበራትም። አፈሩን ነፍታ፣ የተወቀጠ ገል ቀላቅላና አቡክታ፣ በእጇ እየደራረበች ታንጸዋለች፤ በጠጠር ታለሰልሰዋለች፤ ካደረቀችውም በኋላ በእንጨትና በኩበት እሳት ትተኩሰዋለች።

ዕቃው ሲፈለግ ሠሪዋ ግን ትናቅ ነበር። ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ይሰደቡ ነበር፤ ሙያውም በትምህርት የሚገኝ ሳይሆን በዘር የሚወረስ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅም ርስት ለሌለው ባለእጅ ጭምር የመሬት ተጠቃሚነትን መብት ሰጠ። ይሁን እንጂ ንቀቱ በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም። በዚህ ላይ የፕላስቲክ ጀሪካን እንስራን፣ የብረት ድስትም የሸክላውን ድስት ከየቤቱ ማስወጣት ጀመሩ።

ሙያው ከውድቀት እንዴት ሊነሣ እንደሚችል ለመረዳት ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን የምትገኘውን ወለቃን መመልከት ይጠቅማል። የመንደሯ ሸክላ ሠሪዎች ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች ነበሩ፤ ከቤት ዕቃ ሌላ ለጎብኚ የሚሸጡ ትናንሽ የሰውና የእንስሳት ምስሎችም ይሠሩ ነበር። ቤተ እስራኤላውያኑ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ዘመቻዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሙያው አብሮ ይጠፋል የሚያሰኝ ነበር። ሆኖም ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ሥራውን ያዙት፤ በዚያው የተቋቋመው የፕላውሼር የሴቶች ማሠልጠኛ ማዕከልም ችግረኛ ሴቶችን እያስተማረ አስፋፋው።

የዚህ ታሪክ ዋና ቁም ነገር ሙያው የዘር ሳይሆን የትምህርት መሆኑን በተግባር ማረጋገጡ ነው። ድክመቱ ደግሞ የምስሎቹ ገበያ በጎብኚ መምጣትና መቅረት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። ስለዚህ በነፋስ መውጫ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ለሚታቀድ ሥራ ጽኑ መሠረት የሚሆኑት ቤተሰብ በየዕለቱ የሚገለገልባቸው ጀበናና ምጣድ ናቸው።

የመምህሩ ድርሻም ከዚህ ይመነጫል። ሸክላ ሠሪዋ በክፍል ፊት በመምህርነት ክብር ብትቆም፣ ተማሪው ስለ አፈር ጠባይና ስለ እሳት ኃይል ከሥራዋ ይማራል፤ ልጇም ስለ እናቷ ሙያ አንገቷን አትደፋም። ይህ ሳይሟላ ስለ ሙያው ትንሣኤ መናገር ዕቃውን አንሥቶ ሠሪዋን መጣል ይሆናል።