የፓሻው ወርቅና የቤንሻንጉል ገበቴ

በጥቅምት 1838 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የግብፁ ገዥ መሐመድ አሊ ፓሻ ዕድሜው ሰባን ሊደፍን ሲቃረብ ከካይሮ ተነሥቶ ዓባይን ሽቅብ ተያያዘው። ካርቱምን አልፎ ፋዙግሊ ድረስ ዘለቀ። ያኔ ካርቱም ገና ሃያ ዓመት ያልሞላት የግብጽ ጦር ከተማ ነበረች። ሽማግሌውን ያን ያህል መንገድ ያስኬደው ወርቅ ነው።

ነገሩ የቆየ ነበር። በ1820 ሱዳንን ለመውረር የዘመተው ጦር የታዘዘው ባሪያና ወርቅ እንዲያመጣ ነው። የፓሻው ልጅ ኢስማኢል በ1822 መጀመሪያ ፈረንሳዊውን ተጓዥ ፍሬደሪክ ካዮን አስከትሎ ወደ ቤንሻንጉል ዳርቻ ወጣ። የተገኘው ወርቅ ግን ከተወራለት ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። በዚያው ዓመት ኢስማኢል ሸንዲ ላይ በእሳት ተቃጥሎ ሞተ። አባትየው ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1837 ደግሞ ኦስትሪያዊው የማዕድን ባለሙያ ዮሴፍ ሩሴገር አገሩን እንዲመረምር ተላከ።

እነዚህ ሁሉ ለማሻሻል የመጡበት የአገሬው መሣሪያ የእንጨት ገበቴ ነበር። የወንዝ ዳር ጠጠርና አፈር ይሞሉበታል፤ ውኃ ውስጥ ነክረው ጭቃውን በእጅ ያሻሉ፤ ወርቁን አምቆ የሚይዘው ጭቃ ነውና ይህ ካልተደረገ ሌላው ልፋት ከንቱ ነው። ትልልቁን ጠጠር ለቅመው ይጥሉና ገበቴውን ዘንበል እያደረጉ ያሽከረክሩታል። ነጩ ኳርትዝ ከውኃ 2.65 እጥፍ ብቻ ስለሚከብድ ከውኃው ጋር በከንፈሩ ይወጣል። ብረት ያዘለው ጥቁር አሸዋ አምስት እጥፍ ያህል ስለሆነ ይዘገያል። ንጹሕ ወርቅ ግን 19.3 እጥፍ ነው፤ ከሥር ይቀራል። አስቸጋሪው ስስ ቅርፊት የመሰለው ወርቅ ነው፤ ክብደቱ እያለ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ያመልጣል። እሱን ለማስቀረት የተለማመደ እጅ ያስፈልጋል።

ፓሻው ግን ፊቱን ወደ ሩሲያ መለሰ። በኡራል የወርቅ አጠባ እንዲማሩ ሁለት ግብጻውያን ላከ፤ በ1848 ደግሞ መሐንዲሱ ዬጎር ኮቫሌቭስኪ ቱማት ወንዝ አካባቢ መጥቶ በሩሲያ ዘዴ የሚሠራ ማጠቢያ አቋቋመ። ያ ሥራ አገሩን የወርቅ ካዝና አላደረገውም። መሐመድ አሊም በዚያው ዓመት በሕመም ከሥልጣን ወረደ፤ በ1849 ሞተ።

ጥፋቱን በገበቴው ላይ መጫን ትክክል አይመስለኝም። ማጠቢያው በክብደት የሚለየው እንደ ገበቴው ነው፤ ትርፉ ብዙ አፈር በአንድ ጊዜ ማስተናገዱ ነው። ለዚያ ደግሞ የማይነጥፍ ውኃና የማይሸሽ ሠራተኛ ይሻል። የግብጽ ጦር ባሪያ ሲፈነግል በኖረበት አገር ማን ወዶ ሊያጥብ ይመጣል? ለገበቴው ግን ከክረምት በኋላ የቀረች ጅረት ትበቃዋለች።

ስለዚህ ወርቁን ከዚያ ሕዝብ የወሰደው በመጨረሻ ግብር እንጂ ማሽን አልነበረም። በ1898 የአፄ ምኒልክ ጦር በራስ መኮንን መሪነት ቤንሻንጉልን ያዘ፤ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የድንበር ውል አገሩን ለኢትዮጵያ አጸና። ከዚያ ወዲህ እንደ ሼክ ኾጀሌ ያሉ ባላባቶች ለአዲስ አበባ የሚገብሩት ወርቅ በወቄት እየተመዘነ ይገባ ነበር፤ የሚታጠበውም በዚያው በገበቴ ነበር።