የኮልፌ ቀራኒዮ ሰዎችና ሥፍራዎች

ከመርካቶ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ለሚያቀና ሰው፣ የባሕር ዛፍ አጣና ተደርድሮ የሚሸጥበት አጣና ተራ የኮልፌ መግቢያ ነው። ክፍለ ከተማው በ1995 ዓ.ም. ሲዋቀር ስሙን ከሁለት ወገን ወሰደ። ኮልፌ ነባሩ ሠፈር ሲሆን፣ ቀራኒዮ ደግሞ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የተገኘ ነው። ሌሎቹ የሠፈር ስሞችም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። «ዓለም ባንክ» በዓለም ባንክ ብድር ከተሠሩት መኖሪያ ቤቶች፣ «ጦር ኃይሎች» ደግሞ ከሆስፒታሉ የመጡ ናቸው። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የምሥራቅ ምዕራቡ ቀላል ባቡር መጨረሻም ጦር ኃይሎች ነው።

ኮልፌን በዓለም ታሪክ ውስጥ ያስገባው ግን የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የመጡት በመጀመሪያ በፓን አፍሪካ ስብሰባ ላይ ለመናገር ነበር። በርካታ የአፍሪካ አገሮችንና ለንደንን ጎብኝተው ሲመለሱ፣ በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ለወታደራዊ ሥልጠና ኮልፌ ገቡ። በጉዟቸው ይዘውት የነበረው በዴቪድ ሞትሳማዪ ስም የተዘጋጀ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው።

በግለ ታሪካቸው እንደተረኩት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ይሠለጥናሉ፤ ከምሳ በኋላ እንደገና እስከ አሥር ሰዓት ይቀጥላሉ። አውቶማቲክ ጠመንጃና ሽጉጥ መተኮስ፣ ሞርታር መጠቀም፣ ፈንጂ መሥራትና ማፈንዳት ተምረዋል። ጠመንጃና ጥይት ተሸክሞ ረጅም መንገድ መጓዙም ነበረበት፤ በአዲስ አበባ ከፍታና ስስ አየር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዕለት ተዕለት አሠልጣኛቸው ወንዶኒ በፈቃዱ ብለው የጻፏቸው፣ ጣሊያንን በስውር የተዋጉ የመቶ አለቃ ነበሩ። ኮሎኔል ፈቃዱ ዋኬኔም ፈንጂ አቀባበርን ካስተማሯቸው አንዱ እንደነበሩ ለውጭ ጋዜጠኞች ተናግረዋል። ሻምበል ጉታ ዲንቃ በበኩላቸው፣ ማንዴላን እንዲገድሉ ገንዘብ ቀርቦላቸው እምቢ እንዳሉ መስክረዋል።

ሥልጠናው ለስድስት ወር የታቀደ ነበር። ሳይጠናቀቅ ግን «ተመለስ» የሚል ቴሌግራም ከአገራቸው ደረሰ። የሠፈሩ አዛዥ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ሲሰናበቷቸው አንድ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት ሰጧቸው። ማንዴላ አገራቸው እንደገቡ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ሆዊክ በምትባል ከተማ አቅራቢያ ተያዙ፤ ከእስር የወጡት ከ27 ዓመት በኋላ ነው። ሽጉጡ ጆሃንስበርግ አጠገብ በሚገኘው የሊሊስሊፍ እርሻ ግቢ እንደተቀበረ ይነገራል። ፍለጋው ብዙ ጊዜ ቢደረግም አልተገኘም።

ማንዴላ ኮልፌ መሠልጠናቸውን የሠፈሩ ልጅ በኩራት ያወራል፤ የአዛዡን ስም ጠይቁት ግን ብዙው አያውቅም። ታደሰ ብሩ የታኅሣሥ 1953ቱን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በማክሸፍ ዙፋኑን ካተረፉት መኮንኖች አንዱ ነበሩ። በጄኔራልነታቸው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርን ተቀላቅለው ዋና መሪው ሆኑ። በ1959 ዓ.ም. ታስረው ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ደርግ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ገደላቸው። ዙፋኑን ያዳኑት ሰው ዙፋኑም አሰራቸው፣ ዙፋኑን የገለበጠውም ረሸናቸው።

ወደ ደቡብ ስንወርድ ዘነበ ወርቅ እናገኛለን። ልዕልት ዘነበወርቅ የአፄ ኃይለሥላሴ ልጅ ስትሆን፣ ለደጃዝማች ኃይለሥላሴ ጉግሣ ተድራ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት መቀሌ ላይ አረፈች። ባሏ በ1928 ዓ.ም. ለጣሊያን ያደረው ያው ደጃዝማች ነው። በስሟ የተጠራው ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ሆነ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለመላው አፍሪካ ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው አለርት ተቋቋመበት። የበሽታውን ተሕዋስ እ.ኤ.አ. በ1873 ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ስም የተጠራው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም በዚያው ግቢ ይገኛል።

ከየጠቅላይ ግዛቱ ሊታከም የመጣው ሰው ከዳነ በኋላም ብዙው አልተመለሰም፤ ዘመድ አይቀበለውማ። ከግቢው አጥር ውጭ ጎጆ ቀልሶ ልጅ ወለደ፣ ልጅ ዳረ። በአቅራቢያው ያለው ቤተ ክርስቲያን በገብረ ክርስቶስ ስም መሰየሙም ያለ ነገር አይደለም፤ ጻድቁ የሕሙማኑ አጽናኝ ናቸው።

ከዚያው አጠገብ ቆሼ አለ። የከተማው ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ የተደፋበት ይህ ሥፍራ ተራራ አክሎ፣ ከሥሩ የላስቲክና የጭቃ ቤቶች በቅለውበት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወደ ሰንዳፋ የተዛወረው የቆሻሻ መድፊያ፣ በዚያ ያሉ ገበሬዎች ስለተቃወሙት በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ቆሼ መጣ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አስከሬን ፍለጋው ቀናት ፈጀ፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀናትም ታወጁ። በአጠገቡ የተገነባው የረጲ ደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ የተመረቀው ከአደጋው ከአንድ ዓመት ከአምስት ወር በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው።