አናሎግ ዲቴክተር

አናሎግ ዲቴክተር በአፈር ውስጥ የተቀበረ ብረታ ብረትን በመግነጢሳዊ መስክ የሚፈልግ፣ ያገኘውንም ምልክት በኮምፒውተር ሳይተረጉም በድምፅ መልክ ለፈላጊው ጆሮ የሚያደርስ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። በብዛት የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ ሲሆን፣ ጥቂት ማዞሪያዎችና አንድ ድምፅ ማጉያ እንጂ ስክሪን የለውም። በብሪታንያና በአሜሪካ የድሮ ሳንቲምና ጌጣጌጥ ፍለጋን የትርፍ ጊዜ ሥራቸው ካደረጉ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ፣ የተቀበረው ነገር ምን እንደሆነ በቁጥር የሚያሳዩ አዳዲስ መሣሪያዎች ገበያውን ከሞሉ በኋላም አሮጌውን እያስጠገኑ ይዘውት ቆይተዋል። ምርጫቸው በቂ ቴክኒካዊ ምክንያት አለው፤ ይሁን እንጂ ምክንያቱ ከመሣሪያው ይልቅ በአፈሩ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ለእንግሊዝ ማሳ የሚሠራው ክርክር እንደ ደቡብ ጎንደሮቹ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ባለ የእሳተ ገሞራ ምድር ላይ አይጸናም።

የዲቴክተር አሠራር መሠረቱ ቀላል ነው። በዘንጉ ጫፍ ባለው ክብ ሰሌዳ ውስጥ ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥቅልሎች ይገኛሉ፤ አንደኛው በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ አቅጣጫውን የሚቀያይር ኤሌክትሪክ እየተቀበለ ወደ አፈሩ መግነጢሳዊ መስክ ይልካል፣ መስኩ በደረሰበት ብረታ ብረት ላይ አዙሪት ጅረት የሚባል ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፣ ከዚያ ፍሰት የሚመነጨውን መልስ ደግሞ ሁለተኛው ጥቅልል ይቀበላል። መልሱ ከተላከው ምልክት የሚዘገይበት መጠን እንደ ብረታ ብረቱ ዓይነት ስለሚለያይ፣ ብርና መዳብ ከሚስማር የሚለዩት በዚሁ መዘግየት ነው። የማይፈለገውን ዓይነት ዝም የሚያሰኘው ክፍል ማግለያ ይባላል፤ በአናሎጉ መሣሪያ ላይ ይህ አንድ ማዞሪያ ብቻ ሲሆን፣ ከተቀመጠለት ወሰን አጠገብ የሚወድቅ ነገር ድምፁ ይቆራረጣል ወይም ይሻክራል፣ ልምድ ያለው ፈላጊም ከመቆፈሩ በፊት ከዚህ መሻከር ብዙ ነገር ይረዳል። አሃዛዊው መሣሪያ ይህን ሁሉ ጨምቆ በአንድ ቁጥር ያቀርበዋል፤ ቁጥሩ ለጀማሪ ምቹ ነው፣ በጨመቃው የሚጠፋው ዝርዝር ግን ጥቂት አይደለም።

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረውን ጥይት በዚሁ የመግነጢሳዊ መስክ ዘዴ ለማግኘት ሞክሮ አልተሳካለትም፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በአልጋው ፍራሽ ውስጥ የነበረው የብረት ሽቦ እንደሆነ ይነገራል። ጀርመን ተወላጁ ገርሃርድ ፊሸር በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1937 የባለቤትነት መብት ያገኘበት መሣሪያ ለሽያጭ የዋለ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የፖላንዱ መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ የሠራው ፈንጂ ጠቋሚ እ.ኤ.አ. በ1942 በኤል አላሜይን ግንባር ውሏል። ከጦርነቱ በኋላ ትራንዚስተር መሣሪያውን አቀለለው፤ ዋይትስ፣ ጋሬትና እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመው ቴሶሮ የመሰሉ የአሜሪካ ኩባንያዎችም ለተራው ሰው በሚመች መልክ አሰናድተው አቀረቡት። ዛሬ የአሮጌ ዲቴክተር ወዳጆች ስሙን ደጋግመው የሚያነሡት የቴሶሮን ነው፤ ኮምፓድሬ የተባለው ሞዴል ከአንድ ማዞሪያ በቀር ምንም የሚነካ ነገር የለውም። ቴሶሮ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ዋይትስ ደግሞ በ2020 ሥራቸውን ስላቆሙ፣ ያሉት መሣሪያዎች በአብዛኛው ከተበላሹት በሚፈታ መለዋወጫ የሚኖሩ ሆነዋል።

ለምርጫው ከሚሰጡት ምክንያቶች ውስጥ ቀላል ክብደትና ርካሽ ባትሪ እውነት ቢሆኑም ጥቃቅን ናቸው። ዋናው ነገር ፍጥነት ነው፤ የአናሎጉ ኤሌክትሪክ ዑደት ለማስላት ጊዜ ስለማይወስድ አንዱን ምልክት ጨርሶ ለሚቀጥለው ወዲያው ይዘጋጃል፣ በመሆኑም ሚስማር በበዛበት የፈረሰ ቤት ቦታ ላይ ከዝገት አጠገብ የተኛችን ሳንቲም ለይቶ ያሰማል። ሁለተኛው ጉዳይ የዑደቱ ክፍሎች በዓይን የሚታዩና በብየዳ የሚተኩ መሆናቸው ሲሆን፣ የአሃዛዊው አንድ ቺፕ ከተቃጠለ ግን ከፋብሪካው ውጭ የሚያድነው ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ብዙው ትዝታ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ በተለይም እንደ ሚንላብ ኢኩኖክስ ያሉ በብዙ ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ የሚሠሩ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው በሚደርስ ዋጋ ከወጡ ወዲህ፣ አሮጌው በጥልቀት ይበልጣል የሚለው ክርክር ተዳክሟል።

የአሮጌ መሣሪያ ደጋፊዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት ምሳሌ የስታፎርድሺር ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 2009 ቴሪ ኸርበርት የተባለ እንግሊዛዊ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ በ2.50 ፓውንድ እንደገዛው በተዘገበ አሮጌ ዲቴክተር፣ ወደ 4 ኪሎ ግራም የሚደርስ የአንግሎ ሳክሰን ወርቅ አገኘ፤ ዋጋውም 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ተተመነ። ምሳሌው የሚያስደስት እንጂ የሚያስረዳ አይደለም፤ ማረሻ ወደ ላይ ያወጣውን ያን ያህል ወርቅ የትኛውም የሚሠራ ዲቴክተር ሊያሰማ ይችል ነበር።

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ግን ነገሩ ይለወጣል። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የተኙት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የባዛልት ንጣፍ ላይ ሲሆን፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ራሱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ባዛልት ማግኔታይት የተባለ መግነጢሳዊ የብረት ማዕድን ስለሚይዝ፣ ድንጋዩም ከድንጋዩ የተፈጠረው ዋልካና ቀይ አፈርም ለዲቴክተር ራሳቸውን እንደ ብረት ያሰማሉ። የአፈሩን ምልክት የሚያጠፋው ማስተካከያ በፋብሪካ ተወስኖ የተዘጋበት እንደ ኮምፓድሬ ያለ መሣሪያ ለእንዲህ ዓይነቱ መሬት አልታሰበም፤ ማስተካከያው በእጅ የሚዞርለት አናሎግ ደግሞ ፈላጊው አፈሩ በተለወጠ ቁጥር ቆም እያለ እንዲያስተካክል ያስገድደዋል። የሚገርመው፣ በዚህ ምድር የተሻለው ዘዴ ከሁሉም ይልቅ ቀላል የሆነው መሆኑ ነው፤ በእንግሊዝ ኤሪክ ፎስተር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያዳበረው የምት ዘዴ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ልኮ ካቋረጠ በኋላ ብቻ ስለሚያዳምጥ የአፈሩ ጩኸት እጅግ ይቀንስለታል። ጉድለቱ ማግለያው ደካማ መሆኑ ነው፤ የተሰበረ ማረሻ፣ ወገልና ቀለህ በተበተነበት የእርሻ መሬት የሰማውን ሁሉ ማስቆፈሩ አይቀርም።

ዲቴክተርን ለመዝናኛ ይዞ መዞር በአካባቢው የተለመደ ባይሆንም፣ በአፈሩ ውስጥ ታሪክ የሚናገር ብረታ ብረት እንደሚኖር መገመት አያስቸግርም። አጼ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ሠራዊታቸው መንገድ እየጠረገ ያለፈው በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነበር። 28 ግራም የሚመዝነው ጠገራ ብርም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ መገበያያ ሆኖ ስለኖረ በገንቦ ተቀብሮ የቀረ አለ የሚል ወሬ በየአገሩ ይሰማል፤ ጠገራ ብር ትልቅና ኤሌክትሪክን በደንብ የሚያስተላልፍ በመሆኑም ለማንኛውም ዲቴክተር ጮክ ብሎ የሚሰማ ነገር ነው። በብሪታንያ ፈላጊው የባለ መሬቱን ፈቃድ ይዞ መሥራት ሲችል፣ በኢትዮጵያ ግን ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ጉዳዩ ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይገኝ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፣ በአጋጣሚ የተገኘም እንዲነገር ያዝዛል። ይህ ለታሪክ ተመራማሪ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በሠራዊቱ መንገድ ላይ የወደቀ እርሳስ ጥይት ከየት ቦታና ከምን ያህል ጥልቀት እንደወጣ ካልተመዘገበ ተራ እርሳስ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ዲቴክተር በስፋት የሚታየው በሌላ ሥራ ላይ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ በር ለፍተሻ፣ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ ለፈንጂ ማምከን፣ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ደግሞ ለባህላዊ ወርቅ ፍለጋ ያገለግላል። የትግራይን ሥራ ያየ ሰው ያንኑ መሣሪያ ይዞ ወደ ጋይንት ወይም ወደ ስማዳ ቢወጣ አይቀናውም፤ የኢትዮጵያ ወርቅ በዋነኛነት የሚገኘው ከባዛልቱ እጅግ ቀድመው በተፈጠሩት ጥንታዊ መሠረታዊ አለቶች ውስጥ ሲሆን፣ በደቡብ ጎንደር እነዚህ አለቶች በወፍራም የላቫ ንጣፍ ተሸፍነው ዲቴክተር ሊደርስበት ከሚችለው ጥልቀት እጅግ ርቀው ይገኛሉ።