ባለ ትልቁ ሞተር

ወልቂጤ ላይ ትልቅ ሞተር የሚነዳ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱን ወላጆቹ ያወጡለታል፣ ሌላውን የባጃጅ ሾፌሮች። የወዳጄ ሁለተኛ ስም «አጃቢው» ነው። ስሙ የወጣለት ሞተሩን ባስገባ ማግሥት ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ሊሄድ መብራቱን አብርቶ ዋናው አስፋልት ላይ ብቅ ሲል፣ ባጃጆቹ ከኋላው የባለሥልጣን መኪና የሚከተል መስሏቸው ጠርዝ ያዙ። ቢጠብቁ መኪና የለም፣ ቢጠብቁ ባለሥልጣን የለም። ሰውየው ግን እየተንደቀደቀ ሄዶ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ሄልሜቱን አወለቀና «እንዴት አደራችሁ?» አለ። ሳቁ ያኔ ፈነዳ። በበነጋው «አጃቢው መጣ፣ አሳልፉት!» ሆነ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ስሙ ጸንቷል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ወዳጄ ሥራው ወልቂጤ፣ ቤቱ ቡታጅራ ነው። ሚስቱ እዚያ ታስተምራለች፤ ልጆቹም እዚያ ይማራሉ። ሁለቱን ከተሞች በካርታ ስታዩአቸው ጎረቤት ናቸው። መሬት ላይ ግን መሀላቸው የጉራጌ ሰንሰለታማ ተራራ ተጋድሟል፤ ጫፉ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 158 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ቡታጅራ ደግሞ በሆሳዕና መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዘቢዳር ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች። እንግዲህ ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚሄድ ሰው ወይ በአገና በኩል ተራራውን ይወጣል፣ ወይ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ተመልሶ አለም ገና ላይ ይታጠፍና በጢያ በኩል ይወርዳል። የመጀመሪያው አጭር ነው፤ ግን ገደል፣ ጥምዝምዝና የክረምት ጉም አለበት። ሁለተኛው ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ እሱ ደግሞ የጭነት መኪናና የአውቶቡስ መንገድ ነው።

ድሮ ቦክሰር የምትባል ትንሽ ሞተር ነበረችው። ቦክሰርን አትናቋት። ለከተማ እሷን የመሰለ የለም፤ ቤንዚን ትቆጥባለች፣ መለዋወጫዋ በየሱቁ አለ፣ ማንም የሠፈር መካኒክ አይኑን ጨፍኖ ይፈታታታል። ችግሩ የሚመጣው ዓርብ ማታ ነው። ኋላዋ ላይ ጭነት ታስሮ፣ ፊት ለፊት ገልባጭ መኪና እየመጣ፣ ነፋሱ ሲገፋት ከመንገድ ልትወጣ ትደርሳለች። አቀበት ላይ ደግሞ ታቃስታለች። በተፈጥሮ አየር ብቻ የሚተነፍስ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ያጣልና፣ ትንሿ ሞተር ተራራው ላይ ስትደርስ ካላት ትንሽ ጉልበት ላይም ተቀንሶባታል።

በዚህ መሀል አንድ የውጭ አገር ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ሞተሩን ይሸጣል አሉ። ወዳጄ የዕቁብ ብሩን ይዞ ከተፍ አለ። ቢ.ኤም.ደብሊው አር 1200 ጂ.ኤስ. አድቬንቸር ነው። ተዋናዩ ኢዋን ማግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቡርማን በ2007 እ.ኤ.አ. ከስኮትላንድ ተነሥተው፣ ኢትዮጵያን አቋርጠው ኬፕታውን የገቡት በዚሁ ዓይነት ሞተር ነበር። ሰልባትዮው 33 ሊትር ይይዛል። ቤንዚን ተሞልቶ ሲመዘን ከ250 ኪሎ ይበልጣል፤ የቦክሰርን እጥፍ ማለት ነው። ካቴና የለውም፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚተላለፈው በዘንግ ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ ወጣ ወጣ ብለው ተቀምጠዋል፤ ብርድ ላይ ቅልጥም ያሞቃሉ፣ ሞተሩ ሲወድቅም ጨርሶ እንዳይተኛ ይደግፉታል።

እናቱ መጀመሪያ ያዩት ዕለት ዞር ዞር ብለው ተመለከቱትና፣ «ልጄ፣ ይኼ ሰው ነው የሚጭነው እህል?» አሉ።

«ሁለቱንም ይጭናል፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ወፍጮ ቤት ያደርሰኛል» ብለው ገቡ።

የከተማ ኑሮው ከዚያ ተጀመረ። ትልቅ ሞተር በከተማ ውስጥ መንዳት ጥበቡ ፍጥነት አይደለም፣ ቀስ ማለት ነው። ፍሪሲዮኑን በሁለት ጣት ግማሽ ይዞ፣ የኋላ ፍሬኑን በእግር ጫን ጫን እያደረጉ፣ አይንን ሩቅ ጥሎ መሄድ ነው። አይን ጉድጓዱ ላይ ከተተከለ ሞተሩም ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ማዞር አይታሰብም፤ ወርዶ መግፋት ነው። የቆመበት መሬት ለስላሳ ከሆነ መቆሚያው ይሰምጣል፤ ስለዚህ ወዳጄ ኪሱ ውስጥ ጠፍጣፋ እንጨት አይጠፋም። ሲወድቅ ደግሞ ወገብ ብቻውን አያነሣውም። ጀርባን ሰጥቶ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ አንድ እጅ መሪው ላይ፣ አንድ እጅ ከኋላ ብረቱ ላይ አድርጎ፣ በእግር ጉልበት ወደ ኋላ እየተራመዱ ማንሣት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ወገቡን ይሰብራል።

ቤንዚን ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ማደያው «የለም» ሲል መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጡ ልጆች አሉ። ቦክሰር የተሰጣትን ትጠጣለች። ይኼኛው ግን ቤንዚኑን በቀጭን መርፌ የሚረጭ ነው፤ ቆሻሻ ከገባበት ጉድ ይፈላል። ስለዚህ ወዳጄ ማደያው ሲኖረው ይሞላል፣ 33 ሊትሩን ይዞ ሳምንቱን ይገፋል። የግድ ከሆነበት በነጭ ጨርቅ አጥልሎ ይቀዳል። መለዋወጫ ከፈለገ ደግሞ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ይጠበቃል። ያውም ሻንጣው ውስጥ ለሠርግ ከሚመጣው ጫማና ሽቶ ቦታ ከተረፈ ነው።

የሰኞና የዓርቡን መንገድ ግን መስማት አለባችሁ። ክረምት ሲሆን በአለም ገና ይዞራል። ከወልቂጤ ተነሥቶ ወሊሶን፣ ቱሉ ቦሎንና ሰበታን አልፎ አለም ገና ላይ ይታጠፋል። አዲስ አበባ አይገባም። ከተማዋ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ፣ በምክትል ከንቲባ ታከለ ኡማ ጊዜ፣ ሞተር ሳይክል ስታግድ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። ኋላ የተመዘገቡና ፈቃድ ያገኙ ቢመለሱም፣ ወዳጄ ከተማ ውስጥ ጉዳይ ሲኖረው ሞተሩን ከዘመድ ግቢ አቁሞ በሚኒባስ መግባት ይመርጣል።

ከአለም ገና ወደ ታች ያለው መንገድ የዚህ ሞተር አገሩ ነው። አዋሽን መልካ ቁንጡሬ ላይ ይሻገራል፤ የድንጋይ ዘመን ሰው መሣሪያ የተገኘበት ሥፍራ ነው። ቀጥሎ ጢያ ነው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገቡት 36 ትክል ድንጋዮች ያሉበት። እዚህ ላይ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ወሬ ማውራት ይችላል፤ ንፋስ መከላከያው ይከልለዋል፣ የኋላ ወንበሩ ሰፊ ነው። ሚስቱ አንድ ቀን ቡታጅራ ስትወርድ፣ «ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴ አገጬን ይነካ ነበር፤ ዛሬ እግሬን ዘርግቼ ገባሁ» ብላለች። ለሞተሩ የተሰጠ ምስክርነት ይህን ያህል ነው።

መንገዱን ግን ዝም ብላችሁ አትለፉት። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የሚሠሩ ጉራጌዎች፣ ነጋዴውም የቀን ሠራተኛውም፣ ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቁመዋል። ከአለም ገና ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደውም መንገድ ከዚያ ጥረት ጋር ስሙ ይነሣል። አንዳንዱ ያዋጣው ሰው ያኔ ብስክሌት እንኳ አልነበረውም። መንገዱ ሲዘረጋ ግን በሽተኛው ሐኪም ቤት፣ ነጋዴው ገበያ፣ ተማሪው ትምህርት ቤት ደረሰበት። ዛሬ ባለ 1200 ሲሲ ነን ብለን የምንሸልልበት አስፋልት መነሻው ያ መዋጮ ነው።

በጋ ሲሆን ወዳጄ በአገና በኩል ተራራውን ይወጣል። እዚያ ጀፎረ ታገኛላችሁ፤ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ፣ ግራና ቀኙ ቤት የተሰለፈበት የሰባት ቤት ጉራጌ የመንደር አደባባይ። ከብት ይነዳበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል፣ ሠርጉም ለቅሶውም እዚያው ነው። አጥር ገፍቶ የወሰደበት ሰው «የጆካ» በሚባለው የአገሩ ሸንጎ ይጠየቃል።

አንድ ቅዳሜ ዘመድ ሊጠይቅ ወደ ጀፎረው ሲዞር ለቀስተኛ ተቀምጦ ደረሰ። ሞተሩን አጠፋ። ሄልሜቱን አውልቆ መሪው ላይ አንጠለጠለና መግፋት ጀመረ። 250 ኪሎ ብረት እርጥብ ሣር ላይ ሲገፋ አስቡት። ጎማው ይሰምጣል፣ ላቡ ይንጠባጠባል፤ ቢያቆመው መቆሚያው ይገባል፣ ቢያስነሣው ለቅሶ ይረብሻል። ከለቀስተኛው ዳር አንድ ሽማግሌ አዩትና ለወጣቶቹ በአገጫቸው ምልክት ሰጡ። አራት ልጆች ተነሥተው ከኋላው ገፉለት። ድንኳኑን አልፎ ሞተሩን ካቆመ በኋላ ተመልሶ ከሰዉ ጋር ተቀመጠ። ሽማግሌው ጠጋ ብለው፣ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። ነገራቸው። «አያትህም በዚህ ሲያልፉ ከበቅሎ ይወርዱ ነበር» አሉትና ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር «አጃቢው» የሚለው የለም፤ በአያቱ ስም ነው የሚጠሩት።

እንግዲህ ፍርዱን እኔ ልስጥ። ትልቅ ሞተር የብቻ ሰው መሣሪያ ይመስላል፤ ያለ ሰው ግን አንድ ቀን አያድርም። መለዋወጫውን ዘመድ ያመጣዋል፣ ጭቃ ላይ ሲወድቅ የመንደር ልጅ ያነሣዋል፣ የሚሄድበትን መንገድ ሌላ ትውልድ ከፍሎበታል። ለወልቂጤ ውስጥ ምልልስ ብቻ የሚፈልገው ሰው ቦክሰሩን ይያዝ፤ ትልቁን መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ቤቱና ሥራው በተራራ የተለያየበት፣ ሰውና ጭነት ይዞ ረጅም መንገድ የሚመላለስ ሰው ግን ዋጋውን ያገኝበታል። ያም ሆኖ የሞተሩ መጠን ሁሉን አይወስንም። ቴድ ሳይመን የሚባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በ1973 እ.ኤ.አ. ተነሥቶ፣ ኢትዮጵያንም አልፎ፣ ዓለምን ሲዞር የነዳው 500 ሲሲ ትራየምፍ ነበር።

ለመስቀልና ለአረፋ አገር ቤት የምትገቡ ባለሞተሮች ሆይ፣ በእነዚያ ቀናት መንገዱ እንዴት እንደሚጨናነቅ ታውቁታላችሁ። ማልዳችሁ ውጡ፣ በቀን ብርሃን ግቡ። ከኋላ ለምትጭኑትም ሰው ሄልሜት ግዙ። ጀፎረ ላይ ስትደርሱ ሞተሩን አጥፉ።