ተቀናቃኝን መግታትና የሦስተኛ ወገን ዕዳ፦ የብሪታንያ ፖሊሲ በቀይ ባሕርና በዓባይ ሸለቆ

የአንድን ኃያል መንግሥት ፖሊሲ ለመረዳት ማንን እንደሚወድ ከመጠየቅ ይልቅ ማንን እንደሚሰጋ መጠየቅ ይበጃል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ አስተያየት ከብሪታንያና ከኢትዮጵያ ግንኙነት አንጻር እንመረምራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ብሪታንያ በ1882 ግብፅን ከያዘች በኋላ በአካባቢው ከሁሉ አብልጣ የምትሰጋው ፈረንሳይን ነበር። በ1884 ዐድዋ ላይ በተፈረመው ውል ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመሐዲስቶች የተከበበውን የግብፅ ጦር በግዛታቸው በኩል ለማስወጣት ተስማሙ። በአንጻሩ ቦጎስ ሊመለስላቸው፣ በምፅዋ የሚያልፈው ዕቃም በብሪታንያ ጥበቃ ከቀረጥ ነጻ ሊሆን ቃል ተገባላቸው። በተከታዩ ዓመት ግን ኢጣልያ ምፅዋን ስትይዝ ለንደን መቃወሟ ቀርቶ አበረታታቻት። ምክንያቱ ኢትዮጵያን መጥላት አልነበረም፤ ኦቦክ ላይ የሰፈረችው ፈረንሳይ በባሕሩ ዳርቻ እንዳትስፋፋ ኢጣልያን መከታ ለማድረግ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በበኩላቸው ቃላቸውን ጠበቁ፤ ራስ አሉላ ኩፊት ላይ መሐዲስቶችን የገጠሙት ምፅዋ ከተያዘ በኋላ ነበር።

ከዐድዋ ድል በኋላ ዐፄ ምኒልክ በሁለቱ ኃያላን ፉክክር መካከል መንቀሳቀሻ አገኙ። በ1897 ከፈረንሳይም ከብሪታንያም ጋር ተዋዋሉ። በ1898 የኪችነርና የማርሻን ጦር ፋሾዳ ላይ ሲፋጠጥ የኢትዮጵያ ነጻነት ጸንቶ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የለንደን ስጋት ወደ ጀርመን ዞረ። በ1904 ከፓሪስ ጋር ታረቀች፤ በ1906ም ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ኢትዮጵያ ሳትጠየቅ ስለ ኢትዮጵያ ተዋዋሉ። የግዛት አንድነቷን እናከብራለን እያሉ ጥቅማቸውን በየቀጠናው ለዩ። ዐፄ ምኒልክም ስላሳወቋቸው አመስግነው፣ ውሉ ሉዓላዊ ሥልጣናቸውን ከቶ እንደማይገድብ አስታወቁ።

በ1935 የተፈራው ሂትለር ነበር፤ ሙሶሊኒን ላለማጣት ሲባል የሆርና የላቫል ዕቅድ ሰፊ የኢትዮጵያ ግዛት ለኢጣልያ እንዲሰጥ አሳሰበ። ዕቅዱ በሕዝብ ቁጣ ቢከሽፍም የሱዌዝ ቦይ አልተዘጋም፤ የነዳጅ ማዕቀብም አልተጣለም። ሙሶሊኒ ግን በ1936 ከሂትለር ጋር ወገነ፤ በ1940ም በብሪታንያ ላይ ጦርነት ዐወጀ። የኢትዮጵያ ደም የተከፈለበት ወዳጅነት አምስት ዓመት እንኳ አልቆየም።

ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። በ1885 በእርግጥ የጎዳን ጠባቸው ነበር፤ በ1906ና በ1935 ግን የጎዳን ስምምነታቸው ነው። በስደት ሆነን የኃያላንን ደጅ የምንጠና ምሁራን ይህን ልንዘነጋ አይገባም። ለአገራችን ጉዳይ ጆሮ ሲሰጡን፣ ጆሮ ያሰጠን የእኛ እውነት ነው ወይስ የእነርሱ ስጋት ብለን እንጠይቅ። ስጋት የወለደው ድጋፍ ስጋቱ አቅጣጫ ሲለውጥ አብሮ ይዞራልና።